ተፈትቶ ሻንጣ የሚገባ ባለ ሶስት ክፍል ሎንግቦው እቤት አሰራር

ቀስት ልትሰሩ ስትነሱ ሁሉም ሰው የሚያወራችሁ ስለ እንጨት ነው፣ ይሄ ሜፕል ነው፣ ያ ዋልነት ነው፣ ይሄኛው መስመሩ እንዴት ያምራል ምናምን። ባለ ሶስት ክፍል ቀስት ላይ ግን እንጨቱ ሁለተኛ ነገር ነው። ቀስቱ ቀጥ ብሎ ይወርውር አይወርውር የሚወሰነው ሁለቱ ሊምቦች (የሚታጠፉት ክንዶች) ራይዘሩ (መሃል ላይ የሚያዘው እንጨት) ላይ በሚቀመጡባቸው ሁለት ጠፍጣፋ ቦታዎች ነው፣ በቃ። እነሱ እኩል አንግል ካላቸውና አንድ መስመር ላይ ከዋሉ የቀረው ትእግስት ብቻ ነው፣ ካልሆነ ግን በዓለም ውድ የሚባለውን እንጨት ብትጠቀሙም ጠማማ ቀስት ነው የሚወጣላችሁ። ስለዚህ መቀመጫዎቹ ጋ ስንደርስ በጣም እንደምነዘንዝ ከወዲሁ እወቁት።

መጀመሪያ እንግባባ። መሃል ላይ የምትይዙት ወፍራሙ እንጨት ራይዘር ነው፣ ላይና ታች የሚታጠፉት ሁለቱ ሊምብ ናቸው። ወደ ኢላማው የሚያየውን ፊት ጀርባ፣ ወደናንተ የሚያየውን ሆድ እያልኩ ነው የምቀጥለው። ሎንግቦው የሚያሰኘው ገመዱ ተወጥሮ ሲቀመጥ ሊምቡን ጫፉ ላይ ብቻ የሚነካ መሆኑ ነው፤ ሪከርቭ (ጫፎቹ ወደ ኢላማው የተቆለመሙ ቀስት) ላይ ገመዱ ሊምቡ ላይ ተኝቶ ይታያል፣ እዚህ አይተኛም። ሊምቡን ትንሽ ወደ ጀርባ ብናጎብጠውም ገመዱ እስካልተኛበት ድረስ ሎንግቦው ነው።

ለምን ሶስት ክፍል? አንዱ ምክንያት ጉዞ ነው። ብዙ አየር መንገዶች ለሚጫን ሻንጣ የሚፈቅዱት ርዝመቱ ወርዱና ቁመቱ ተደምሮ 62 ኢንች ነው፣ ወጥ የሆነ 64 ኢንች ቀስት እዛ ውስጥ አይገባም። የኛ ግን ሲፈታ ረጅሙ ክፍል 27 ኢንች ስለሆነ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ በርበሬና ሽሮ የሚታጨቅበት ሻንጣ ውስጥ በጎን ይገባል። (አሜሪካ ውስጥ ቀስት በእጅ ሻንጣ አይፈቀድም፣ በሚጫነው ግን ይፈቀዳል። ወደ ሀገር ቤት ይዤ ልግባ የምትሉ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጉምሩክን ጠይቁ።) ሁለተኛውና ለኔ ትልቁ ምክንያት ግን ሁለቱም ሊምቦች ከአንድ ፎርም (ሊምቡ ተጭኖ ቅርጹን ከሚይዝበት የእንጨት ብሎክ) መውጣታቸው ነው፣ ስለዚህ መንትያ ይሆናሉ፣ አንዱ ቢበላሽ ራይዘሩን ሳትነኩ ሌላ ትሰራላችሁ፣ ሲያምራችሁ ደግሞ ለዛው ራይዘር ለልምምድ ቀለል ያለ፣ ለአደን ከበድ ያለ ሊምብ ትሰራላችሁ።

ልኩ

ጠቅላላ ርዝመት 64 ኢንች። ራይዘሩ 18፣ እያንዳንዱ ሊምብ 27፣ ከሊምቡ ውስጥ 4 ኢንቹ ራይዘሩ ላይ ይተኛል፣ ስለዚህ 18 ሲደመር 23 ሲደመር 23። ይሄ 28 ኢንች ድረስ ለሚስብ ሰው ጥሩ ነው። ክንዳችሁ ረጅም ከሆነና 30 ምናምን የምትስቡ ከሆነ ሊምቦቹን አንድ አንድ ኢንች አስረዝሙና 66 አድርጉት። ሊምቡ ራይዘሩ ጫፍ ላይ 1.5 ኢንች ይሰፋል፣ ከዛ በቀጥታ መስመር እየጠበበ ጫፉ ላይ ግማሽ ኢንች ይሆናል።

መቀመጫዎቹ ከራይዘሩ ጀርባ ወደ ሆድ በኩል 8 ዲግሪ ያዘነብላሉ፣ ሊምቡ ራሱ ደግሞ ጫፉ ላይ 1.5 ኢንች ወደ ጀርባ ይጎብጣል። አንዱ ወደ ኋላ ይወስደዋል፣ ሌላው ወደ ፊት ይመልሰዋል፣ ሲቀናነሱ ያልተወጠረው ቀስት ጫፍ ከራይዘሩ ጀርባ ከ2 ኢንች ትንሽ በለጥ ብሎ ወደናንተ ያርፋል። መቀመጫውን ከዚህ በላይ ካዘነበላችሁት መሳቡ ይለሰልሳል ግን ፍጥነት ይቀንሳል። ሊምቡን አብዝታችሁ ካጎበጣችሁት ደግሞ ይፈጥናል ግን የመጠማዘዝ ጸባይ ያመጣል፣ ለመጀመሪያ ቀስት አልመክርም። ምንም ከመቁረጣችሁ በፊት ይሄን ሁሉ ትልቅ ወረቀት ላይ በእውነተኛ መጠኑ ሳሉት፣ በኋላ ወረቀቱ ራሱ ቅርጽ ማውጫ ይሆናችኋል።

ውፍረት ላይ አንድ ህግ ያዙ። የሊምብ ጥንካሬ ከወርዱ ጋር እኩል ነው የሚጨምረው፣ ወርዱን እጥፍ ብታደርጉ ጥንካሬው እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱን እጥፍ ብታደርጉ ግን ስምንት እጥፍ ነው፣ ምክንያቱም ውፍረት ሶስት ጊዜ በራሱ እየተባዛ ነው የሚቆጠረው። ለዛ ነው ቀስት ሰሪዎች የኢንች ሺኛ የሚያነብ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ይዘው የሚዞሩት። መነሻችን መቀመጫው በኩል 0.360 ኢንች ይሁን፦ ከላይና ከታች 0.040 የሆነ ፋይበርግላስ፣ መሃል ላይ እያንዳንዳቸው 0.140 የሆኑ ሁለት ስስ ጣውላዎች። ጣውላዎቹ በየኢንቹ 0.001 እየሳሱ ይሄዳሉ፣ ሁለት ስለሆኑ በድምሩ 0.002፣ ስለዚህ 27 ኢንች ሄዶ ጫፉ ላይ ውፍረቱ ወደ 0.306 ይወርዳል። ይሄ ስንት ፓውንድ ይሰጣል (ማለትም ቀስቱን ለመሳብ ስንት ኃይል ይጠይቃል) የሚለው በፎርማችሁና በእንጨታችሁ ይለያያል፣ የመጀመሪያው ጥንድ ይነግራችኋል፣ ከዛ በሂሳብ ታስተካክላላችሁ፣ ሂሳቡን መጨረሻ ላይ አሳያችኋለሁ።

እቃ

ፋይበርግላሱ ለቀስት ተብሎ የሚሰራው መሆን አለበት፣ ቃጫው በሙሉ በርዝመቱ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ። ጀልባና ጣራ የሚጠገንበት ጨርቅ መሳዩ አይሆንም፣ እሱ ቃጫው ግራና ቀኝ የተጠላለፈ ስለሆነ ሸክሙን አይችልም። የመሃሉ ጣውላ ሜፕል ወይም ቀርከሃ ቢሆን ጥሩ ነው። አሜሪካ ያላችሁ የቀስት እቃ የሚሸጡ ቤቶች ሳስቶ የተዘጋጀ ጣውላ ስላላቸው ለመጀመሪያው ግዙት፣ አትድከሙ። ራሴ ላሳሳው ካላችሁ አንድ ቀጥ ያለ ሰሌዳ ላይ ሌላ ሰሌዳ አንዱን ጫፍ 0.027 ኢንች ከፍ አድርጋችሁ ክፍተቱን በኢፖክሲ ሞልታችሁ አጣብቁ፤ ተራ የኤ4 ወረቀት ወደ 0.1 ሚሊሜትር ስለሆነ ሰባት ወረቀት ከስሩ ብታስገቡ ልኩ ይመጣል። ጣውላውን እዛ ላይ ለጥፋችሁ በድራም ሳንደር (ብርጭቆ ወረቀት የተጠቀለለበት የሚሽከረከር ማሽን) ስታሳልፉት በርዝመቱ እየሳሳ ይወጣል።

ማጣበቂያው ኢፖክሲ ነው፣ ተራ የእንጨት ኮላ ፋይበርግላስ አይዝም። ብዙ ሰው ስሙዝ-ኦን ኢኤ-40 የሚባለውን ይጠቀማል፣ የሁለቱ ጣሳ ድብልቅ መጠን እላዩ ላይ ተጽፏል፣ በግምት አትቀላቅሉ። ለራይዘሩ ሜፕል፣ ዋልነት ወይም የደረቀ ወይራ ይሆናል። ወይራ ከባድና ጠንካራ ስለሆነ ራይዘር ላይ ያምርበታል ግን በደንብ ካልደረቀ ይሰነጠቃል። አንድ ወጥ ግንድ ከመጠቀም ሁለት ሶስት ንብርብር አጣብቃችሁ ብትሰሩት ይሻላል፣ ስንጥቅ ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው በቀላሉ አያልፍም።

ከዛ ሁለት የኤም 8 ቡሎን ከሮንዴላ ጋር፣ እንጨት ውስጥ የሚቀበሩ ጥርስ ያላቸው የነሐስ ማስገቢያዎች፣ ሊምቡ ቡሎኑ ላይ እንዳይዞር የሚይዙ ሁለት 6 ሚሊሜትር የብረት ፒን። መሳሪያ በኩል ባንድሶ (ቀበቶ መሳይ ምላጭ ያለው የመጋዝ ማሽን) ቢኖር ይመረጣል፣ ቆሞ የሚሰራ ድሪል ግን የግድ ነው፣ ከሌላችሁ አንድ እንጨት ቤት ሄዳችሁ ለምኑ። ስኳድራ፣ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ካሊፐር፣ ክላምፕ በብዛት።

ጤና ላይ አልቀልድም። የፋይበርግላስ ብናኝ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም፣ የኮቪድ ጊዜ የቀረችው ጨርቅ ማስክ ሳትሆን ትክክለኛ ፊልተር ያለው ሬስፒሬተር አድርጉ፣ ልብሳችሁንም ከልጆች ልብስ ጋር አትጠቡ። ኢፖክሲ ደግሞ ቆዳ ላይ በተደጋጋሚ ከነካ አለርጂ ያስይዛል፣ አንዴ ከያዛችሁ አይለቅም፣ ስለዚህ ጓንት።

ፎርሙ

ሶስት ባለ 3/4 ኢንች ኮምፔንሳቶ አጣብቁና 2.25 ኢንች ውፍረት ያለው 32 ኢንች ርዝመት ብሎክ ይኑራችሁ። የላይኛው ፊት ሊምቡ የሚጋገርበት ነው፦ ከመቀመጫው በኩል 9 ኢንች ፍጹም ቀጥ ይላል፣ ከዛ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይነሳና 27ኛው ኢንች ላይ 1.5 ኢንች ከፍ ይላል። ኩርባውን በእጅ አትሳሉት፣ ሚስማር ሶስት አራት ቦታ ምቱና ስስ ጣውላ አጎብጣችሁ አስደግፉ፣ ጣውላው ራሱ ያለምንም ጉብታ ይሰጣችኋል። በዚህ አቀማመጥ የሊምቡ ሆድ ፎርሙ ላይ ይተኛል፣ ጀርባው ወደ ላይ ያያል። ሆዱ ነው በኋላ ራይዘሩ ላይ የሚቀመጠው፣ ስለዚህ እነዛ የመጀመሪያዎቹ 9 ኢንቾች እንደ መስታወት ቀጥ ማለት አለባቸው።

ቆርጣችሁ ካለሰለሳችሁ በኋላ ስኳድራ ይዛችሁ በየሁለት ኢንቹ ፊቱ ከጎኑ ጋር 90 ዲግሪ መሆኑን እዩ። ፊቱ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ የሚወጣው ሊምብ ሁሉ የተጠማዘዘ ነው የሚሆነው፣ እሱን በኋላ በሞረድ ማቃናት ለቅሶ ነው። ከጨረሳችሁ ቫርኒሽ ቀቡት፣ ሰም አሹት።

ሊምቡን ለመጫን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የእሳት አደጋ ቱቦ ነው፣ ከላይ ሁለተኛ ግማሽ ፎርም ይሰራና በመሃል ቱቦው ገብቶ በኮምፕሬሰር ከ50 እስከ 70 ፒኤስአይ ይነፋል፣ ጫናው በጣም እኩል ነው። ግን የላይኛው ፎርም በወፍራም ቡሎን ሳይታሰር ቱቦው ከተነፋ አደገኛ ነው፣ ይፈነጠራል። ሁለተኛው የሳይክል ከመነዳሪ ነው፣ በርዝመቱ አንድ አንድ ኢንች ቀዳችሁ እየወጠራችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየደራረባችሁ መጠቅለል። ርካሽ ነው፣ ኮምፕሬሰር አይፈልግም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን እመርጣለሁ፤ ብቻ ፎርሙን ቁመቱን ከ3 ኢንች አታሳልፉት፣ ካለበለዚያ ለመጠቅለል ያስቸግራል።

ሊምቡን ማጣበቅ

ከማጣበቃችሁ በፊት ሽብልቁን ስሩ። ሽብልቁ መቀመጫው ጋ ሊምቡ እንዳይታጠፍ በሁለቱ ጣውላዎች መሃል የሚገባ 8 ኢንች እንጨት ነው፣ መነሻው ላይ 3/8 ኢንች ወፍራም፣ 4 ኢንች እንዲሁ ይሄድና ከዛ እየሳሳ ባዶ ይሆናል። ባዶ ስል ባዶ ማለቴ ነው፣ ጫፉ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ። እዛ ጋ ትንሽ እንኳ ደረጃ ከተወ ሊምቡ ሲታጠፍ ጫናው በሙሉ እዛች መስመር ላይ ይሰበሰብና ፋይበርግላሱ ይላቀቃል። ሊምብ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ቦታ ነው።

ኢፖክሲ ሳይነካችሁ አንዴ በደረቁ ሁሉንም ደርድራችሁ ጠቅልላችሁ ፍቱት። ከዛ ፎርሙን በምግብ ፕላስቲክ ሸፍኑ፣ የሚታየውን የፋይበርግላስ ፊት በማስኪንግ ቴፕ ለጥፉ፣ የሚጣበቀውን ፊት በአሴቶን ጥረጉ። ተራው እንዲህ ነው፦ የሆድ ፋይበርግላስ፣ ጣውላ፣ ሽብልቅ፣ ጣውላ፣ የጀርባ ፋይበርግላስ። የጣውላዎቹ ወፍራም ጫፍ መቀመጫው በኩል መሆኑን ሁለቴ እዩ። ኢፖክሲ የሚገናኙት ሁለቱም ፊቶች ላይ ይቀባል፣ አንዱ ላይ ብቻ ከሆነ ደረቅ ቦታ ይቀራል። ስትጭኑት ንብርብሮቹ እንደ ሳሙና ይንሸራተታሉ፣ ስለዚህ ከመቀመጫው ጀርባ በኋላ በሚቆረጠው ትርፍ ላይ ትንሽ ሚስማር ምቱበት፣ መጠቅለል የምትጀምሩትም ከዛ ጫፍ ይሁን። በጎን ኢፖክሲ እኩል ሲወጣ ካያችሁ ጥሩ ነው፣ አንድ ቦታ ምንም ካልወጣ እዛ ጋ ጫና የለም ማለት ነው።

ከዛ ሙቀት። ብዙ ቀስት ሰሪዎች 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያቆዩታል። ለዚህ ከኮምፔንሳቶ ሳጥን ሰርታችሁ ውስጡ የድሮውን ፈትል ያለው አምፖል ማስገባት ይበቃል፣ ኤልኢዲ አይሞቅም። ነጩን ስታይሮፎም አትጠቀሙ፣ በዚህ ሙቀት መለስለስ ይጀምራል። ቴርሞሜትር አስገቡ፣ አምፖሉ ምንም ነገር እንዳይነካ፣ ሳጥኑንም ጥላችሁት ከቤት አትውጡ። ያለ ሙቀት በክፍል ሙቀት የሚደርቅ ኢፖክሲም አለ፣ ይሰራል፣ ግን እንዲህ የተሰራ ቀስት በጋ ላይ መኪና ውስጥ ተዘግቶበት ቢውል ኢፖክሲው ሊለሰልስ ይችላል። ሲያበቃ በራሱ ይቀዝቅዝ፣ በትኩሱ አትፍቱት። ሁለተኛውንም ሊምብ በዛው ፎርም፣ በዛው አቅጣጫ፣ ከተቻለ ከዛው ጣውላ መንትያ።

ራይዘሩና መቀመጫዎቹ

እንግዲህ ልነዘንዝ ነው። ብሎኩ 18 ኢንች ርዝመት፣ 2.75 ጥልቀት፣ 1.75 ወርድ ይሁን፣ አራቱም ፊት በስኳድራ የተረጋገጠ። ቀዳዳዎቹ እስኪበሱ ድረስ ብሎኩ ብሎክ ሆኖ ይቆያል። እጀታ መቅረጽ ያጓጓል፣ አውቃለሁ፣ ግን አንዴ ከቀረጻችሁት ልኬት የምትነሱበት ቀጥ ያለ ፊት የላችሁም።

8 ዲግሪ ለማውጣት ፕሮትራክተር አያስፈልጋችሁም። ጀርባው ላይ ከጫፉ 4 ኢንች ገባ ብላችሁ ምልክት አድርጉ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ከጀርባው ወደ ሆድ 9/16 ኢንች ውረዱና ምልክት አድርጉ፣ ሁለቱን አገናኙ፣ 8 ዲግሪ ነው። በሌላው ጫፍም እንዲሁ። መስመሩን ሳትነኩ በባንድሶ ቁረጡ፣ ከዛ ብርጭቆ ወረቀት ቀጥ ያለ ብሎክ ላይ ለጥፋችሁ ቀስ እያላችሁ መስመሩ ጋ ድረሱ።

ለምን እንደምጨቀጭቅ ቁጥሩን እዩት፦ አንዱ መቀመጫ ከሌላው በ1 ዲግሪ ቢለይ 23 ኢንች ርቆ ያለው የሊምብ ጫፍ በ0.4 ኢንች ይለያል፣ አንድ ሳንቲሜትር ማለት ነው። የላይና የታች ሊምብ ልዩነት እንዲሆን የምንፈልገው በጠቅላላ ከ1/8 እስከ 1/4 ኢንች ስለሆነ ግማሽ ዲግሪ ስህተት ብቻዋን ትበላዋለች።

ማረጋገጫው እንዲህ ነው። ከአንድ እንጨት በዛው 8 ዲግሪ የተቆረጡ ሁለት መንትያ ሽብልቆች ስሩና መቀመጫዎቹ ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡ፣ መቀመጫው የወረደውን ሽብልቁ ይመልሰዋል፣ ስለዚህ የሁለቱ የላይ ፊት ከራይዘሩ ጀርባ ጋር አንድ ደረጃ መሆን አለበት። ረጅም ቀጥ ያለ ብረት ከላይ አጋድሙና ከጀርባው ባትሪ አብሩ። ብርሃን የሚያሳልፈው የቱ ጋ እንደሆነ ታያላችሁ፣ እዛ አይደለም የምትፍቁት፣ ብርሃን የማያሳልፈውን ነው። ይሄ አንግሉን ያሳያችኋል። መጠማዘዙን ለማየት ደግሞ ሁለት ቀጥ ያሉ ረጅም ዘንጎች በየመቀመጫው ላይ በአግድም አስቀምጡና ከአንዱ ጫፍ ዓይናችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አነጻጽሩ፣ የፊተኛው ዘንግና የኋለኛው ጠርዛቸው ትይዩ መሆን አለበት። ዘንጉ በረዘመ ቁጥር ትንሿ ስህተት ትጎላለች።

አሁን ቀዳዳ፣ እዚህ ተራው ወሳኝ ነው። መጀመሪያ አሰላልፉ፣ ከዛ ነው የምትበሱት። የሊምቦቹን ጎን አቃንታችሁ የመሃል መስመር በማስኪንግ ቴፕ ላይ ስሉ፣ ራይዘሩም ላይ ዙሪያውን የመሃል መስመር ይኑረው። ሁለቱንም ሊምቦች በክላምፕ መቀመጫው ላይ እሰሩ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሃል መስመሩ ላይ ቀጭን ክር ወጥሩ። ክሩ በራይዘሩ መሃል መስመር ላይ ማለፍ አለበት። ካላለፈ ሊምቡን በጣት መታ መታ እያደረጋችሁ እስኪገጥም፣ ከዛ ክላምፑን አጥብቃችሁ በሊምቡ አሳልፋችሁ ራይዘሩ ድረስ በ3 ሚሊሜትር መብሻ ብሱ። ቀዳዳው ከመቀመጫው ጋር ነው 90 ዲግሪ የሚሆነው፣ ከራይዘሩ ጀርባ ጋር አይደለም። ከዛ ፍቱና ድሪሉ ስር ያችኑ የ8 ዲግሪ ሽብልቅ ከብሎኩ በታች አድርጋችሁ አስፉት።

ቡሎኑ ከራይዘሩ ጫፍ 2.75 ኢንች ገባ ይበል፣ ፒኑ 1.25። ለምን ቡሎኑ ወደ ውስጥ? ቀስቱ ሲሳብ ሊምቡ የራይዘሩን ጫፍ ተደግፎ መቀመጫው በኩል ወደ ላይ መነሳት ነው የሚፈልገው፣ ቡሎኑ ከድጋፉ በራቀ ቁጥር ያንሰዋል የሚሸከመው። የራይዘሩን ጫፍ ጠርዝም በትንሹ አደብዝዙት፣ ስለታም ከሆነ ፋይበርግላሱን ይበላዋል። የነሐሱን ማስገቢያ በኢፖክሲ ቅበሩ፣ ጥርሱ ውስጥ ኢፖክሲ እንዳይገባ ቡሎኑን ሰም ቀብታችሁ አስገብታችሁ ይድረቅ።

ከዚህ በኋላ ቅረጹ። ለቀኝ እጅ ወርዋሪ ፍላጻው የሚያልፍበት መስኮት በግራ በኩል ነው፣ ከመሃል መስመሩ 1/8 ኢንች እስኪቀር ብቻ ቁረጡ፣ እንዲህ ከሆነ ከ1.75 ኢንቹ 1 ኢንች ይቀራል፣ ጥንካሬ አለው። እጀታው ለእጃችሁ ነው፣ እንደተመቻችሁ ሞርዱት፣ በዚህ ላይ ምክር የለኝም።

ሊምቡን መቅረጽና ጫፉ

ከ1.5 ወደ ግማሽ ኢንች ያለውን መስመር ከመሃል መስመሩ ግራና ቀኝ እኩል ለክታችሁ ስሉ፣ ከመስመሩ ውጪ ቁረጡና ሁለቱን ሊምቦች አንድ ላይ አስራችሁ አብራችሁ ሞርዱ። ሁልጊዜ በርዝመቱ እንጂ በአግድም አትሞርዱ፣ ቃጫ ይነሳና እጃችሁ ውስጥ ይቀራል። ጠርዞቹን አድቦልቡሉ።

ጫፉ ላይ ጀርባው በኩል ትንሽ ማጠናከሪያ ይለጠፋል። የበሬ ቀንድ ለዚህ ቆንጆ ነው፣ ይሞረዳል፣ ይወለወላል፣ ገመድ አይበላውም። ገመዱ የሚገባበትን ጎድጓዳ በ3 ሚሊሜትር ክብ ሞረድ በጎኖቹና በማጠናከሪያው ላይ ቁረጡ፣ የጀርባውን ፋይበርግላስ በአግድም እንዳትነኩ።

መጀመሪያ የሚሰቀለው ገመድ ቢ-50 ዳክሮን ይሁን፣ ለ45 ፓውንድ 14 ክር ይበቃል። ርዝመቱ ከቀስቱ 3 ኢንች ያንሳል፣ እኛ ጋ ወደ 61። ገመዱን ስታስገቡ ስትሪንገር (ቀስቱን አጥፎ ገመዱን ለማስገባት የሚረዳ ገመድ) ተጠቀሙ፣ ቀስቱን እግራችሁ መሃል አስገብታችሁ ማጠፍ ሊምብ ያጠማዝዛል። ከእጀታው ሆድ እስከ ገመዱ ያለው ርቀት ከ6.5 እስከ 7.5 ኢንች ውስጥ ይሁን።

ማመጣጠን

ግድግዳ ላይ ራይዘሩን የሚይዝ እንጨት ምቱ፣ ከስር ፑሊ፣ ገመዱን ከሩቅ ሆናችሁ ትስባላችሁ። መጀመሪያ ላይ ፊት ለፊቱ ማንም አይቁም፣ መነጽር አድርጉ። በጥቂቱ እየሳባችሁ ልቀቁት፣ እየጨመራችሁ ሂዱ፣ ሽብልቁ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነጭ መስመር ወይ የመንጫጫት ድምጽ ካለ አቁሙ።

ከዛ ከእያንዳንዱ የራይዘር ጫፍ እስከ ገመዱ በ90 ዲግሪ ለኩ። አንድ ጣት ከፍላጻው በላይ ሁለት ከበታች አድርጎ ለሚስብ የላይኛው ከታችኛው ከ1/8 እስከ 1/4 ኢንች ቢበልጥ ጥሩ ነው፣ ሶስቱንም ጣት ከበታች ለሚያደርግ እኩል ይሁኑ። ልዩነቱ ተገልብጦ ከመጣ ሞረድ ከማንሳታችሁ በፊት ሊምቦቹን አቀያይሩ፣ የባለ ሶስት ክፍል ጸጋ ይሄ ነው። ግን ፒንና ቡሎኑ የተበሳው ለየራሱ ስለሆነ ሊጠብቅ ይችላል፣ በግድ አትምቱት። አሁንም ካልተስተካከለ ከመቀመጫው አንድ ጫፍ ስር አንድ ወረቀት አስገቡና እዩ፣ 0.1 ሚሊሜትሯ ወረቀት የሊምቡን ጫፍ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ታንቀሳቅሰዋለች። ወረቀቱ መመርመሪያ ብቻ ነው፣ ስንት ወረቀት እንደፈጀ ካወቃችሁ ያንኑ ያህል ከመቀመጫው ሌላ ጫፍ ታለሰልሳላችሁ። ሊምቡ ራሱ ሲሳብ ከተጠማዘዘ ደግሞ ያልታጠፈውን፣ ማለትም ጠንካራውን ጎን በትንሹ ሞርዱ፣ ጥቂት ጊዜ ሳቡና መልሳችሁ እዩ።

ክብደቱን ለመለካት ሁላችንም ቤት ያለችው የሻንጣ ሚዛን ትበቃለች፣ ገመዱ ላይ ሰቅላችሁ 28 ኢንች ስትደርስ አንብቡ። 28 ኢንቹ የሚለካው ከገመዱ እስከ እጀታው ጥልቁ ቦታ 26.25 ኢንች ሲሆንና 1.75 ሲደመርበት ነው፣ ደረጃው እንደዛ ነው። ሚዛኗ በኪሎ ከሆነ 45 ፓውንድ ማለት 20.4 ኪሎ ነው። በዛ ካለ ጎኑን አጥብቡ፣ ሙሉ ወርዱን ከ1.5 ወደ 1.4 ብታወርዱት 45 የነበረው ወደ 42 ይመጣል። ፋይበርግላሱን ከላይ መፋቅ ግን አይደረግም።

ካለቀ በኋላ ቡሎኑን ፈታችሁ ሁሉንም በቫርኒሽ ሶስት አራት ጊዜ ስስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ መቀመጫዎቹ ላይ ቀለም እንዳይጠራቀም። ፍላጻ የሚተኛበት ላይ ቆዳ ለጥፉ። ፍላጻው ለእያንዳንዱ ፓውንድ 10 ግሬን ገደማ ይመዝን፣ ለ45 ፓውንድ 450 ግሬን ወይም 29 ግራም፣ በጣም ቀላል ፍላጻ ቀስቱን ባዶውን እንደመልቀቅ ነው፤ ባዶውንማ በጭራሽ። የመጀመሪያ ውርወራዎች ላይ በየተወሰነው ቡሎኑን ፈትሹ፣ እንጨቱ እስኪረግጥ ትንሽ ይላላል። ለአደን የምትፈልጉት ከሆነ ስቴታችሁ ዝቅተኛ ፓውንድ ሊኖረው ስለሚችል ፈቃድ ስታወጡ ጠይቁ።

ሁለተኛው ጥንድ

ቃል የገባሁት ሂሳብ። 0.360 የሆነው ሊምብ 40 ፓውንድ ሰጠ እንበል፣ እናንተ 45 ነው የምትፈልጉት። 45ን ለ40 አካፍሉ፣ 1.125። የሱ ሶስተኛ ስር 1.04 ነው። 0.360ን በ1.04 አባዙ፣ 0.374። ስለዚህ ፎርሙም ወርዱም ሳይነካ ሁለቱን ጣውላዎች ከ0.140 ወደ 0.147 ማሳደግ ነው፣ በቃ። ወደ ታችም እንደዛው ነው፣ ለልጅ ወይ ለጀማሪ 30 ፓውንድ ካላችሁ 30 ለ40 ማለት 0.75፣ ስሩ 0.909፣ ውፍረቱ 0.327 ይመጣል። ፋይበርግላሱን አትቀንሱ፣ ከጣውላው ነው የሚቀነሰው። አዲሶቹን ሊምቦች ስትበሱ መብሻ መምሪያ እንዲሆናችሁ ከመጀመሪያው ጥንድ የቀዳዳውን ቦታ ብረት ላይ ገልብጣችሁ አስቀሩ፣ የክሩን ማሰላለፍ ግን አሁንም አትዝለሉ። ፎርሙን ደግሞ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አጋድሙት እንጂ ግድግዳ አታስደግፉት፣ ኮምፔንሳቶ እርጥበት ካገኘው ይጎብጣል።